የሁለት ሰዓት ደወል

እኔ የበር ሰው ነኝ፤ ቁልፍ ነው እውቀቴ፣
ስለ ልጅ አእምሮ ምን ነግሮኝ አባቴ።
በመጋቢት መጣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣
ዘጋሁ በሰንሰለት፣ ጠመኔ ሰብስቤ።
ጦሳ ጉሙን ለብሶ እንደ ልማዱ ቆሟል፣
ሰኞ ገበያ ግን እንደ ሌሊት ጸጥ ብሏል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልክ በሁለት ሰዓት፣
አንድ ልጅ ከደጁ፤ ከኋላው እናት።
ኑርሁሴን ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ከዳር ካለው ክፍል፣
ቆርኪ በየቀለሙ ሲደረድር የሚውል።
ኦቲዝም ነው አሉኝ፤ ስሙ ለኔ አዲስ ነው፣
እኔ የማውቀው ልጁ ሰዓት አክባሪ መሆኑን ነው።

«ዝግ ነው» አልኩት። ዝግ ምን እንደሆነ አያውቅም፣
እጁን ከጓጉንቸሩ፣ ከብረቱ አያርቅም።
ሉባባ በሻሿ አፍ አፍንጫዋን ሸፍና፣
«ይቅርታ ጋሼ» አለች፣ ሳታጠፋ፣ እንደገና።
«ሌሊቱን አልተኛም፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣
ገና ጎሕ ሳይቀድ ጎትቶ አመጣኝ አልቅሶ።»

በሳልስቱም መጡ።
በአራተኛው ቀን በትር አነሳሁ፤ አልመታሁም፣ አነሳሁ ብቻ።
ልጁ የገዛ እጁን ነከሰ።
ያንን በትር ማታ ለማገዶ ሰበርኩት።

ቤታቸው ሸዋ በር፣ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ፤
አከራይ አንኳኳች፦ «ሌላ ቤት አይሻልሽም ወይ?»
አባቱ ይመር ኮምቦልቻ ነው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ታሪፉ እጥፍ ሆኖ በወር አንዴ ነው የሚመጣው ለካ።

ሦስት ዓመት ፈጅቶ፣ በመምህርት ትርንጎ ትዕግሥት፣
ሁለት ቃል ነበረው፤ ሁለት ብቻ፣ እንደ ሁለት በረት፦
«ውሃ» እና «በቃ»።
«በቃ» በሚያዝያ ጠፋች።
ውሃ በየሰዉ ደጃፍ ከጀሪካን ሲንቆረቆር፣
እሱ «ውሃ» ማለት ትቶ ጣቱን ይዘረጋ ጀመር።
ትርንጎም አንድ ቀን መጣች ጭምብል አድርጋ፤
ቃል የሚለቅመው ከከንፈሯ ነበርና፣ ሸሽቶ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

አንድ ማለዳ ግን፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ፣
ቸርኬውን መታሁት፣ ድምፁ ጦሳ ድረስ ሲዘልቅ።
ኑርሁሴን ቆመ። ጆሮውን የያዘ እጁ ወረደ፣
ጓጉንቸሩን ነካ አደረገ፤ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።
መንገደኛ ሳቀ፦ «ሰውዬው ለማን ነው የሚደውለው?»
«ክፍለ ጊዜ አለብኝ» አልኩ፤ «ተማሪዬ አንድ ነው።»

ሰኔ አለፈ በዝናብ፣ ሐምሌ በጭጋግ፤
ደወል። «ዝግ ነው።» ጓጉንቸር። ይኸው ነበር የኛ ሕግ።

ጥቅምት ላይ ሌላ ደብዳቤ፣ «ክፈቱ» የሚል፤
ከዳር ያለው ክፍል ግን የሳሙና መጋዘን ሆኗል።
ትርንጎ ወደ ሐይቅ ተዛውራ ሄዳለች፣
ምትኳ የምትሆን ሴት ገና አልተገኘች።

ሰንሰለቱን ፈታሁ፤ በሩን እስከ ግንቡ ከፈትኩ ወለል፣
ልጁ ሁሉ ገባ እየተጋፋ፣ ርቀት ጠብቁ ቢባል፣ ባይባል።
ኑርሁሴን ብቻ ቀረ፤ ጓጉንቸሩ ከነበረበት
አየሩን በጣቱ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣበት።
ወደ እኔ ዞረ። ከስንት ወር ዝምታ በኋላ፣ ጥርት አድርጎ፣
«ዝግ» አለኝ።

ሉባባ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤
ቃሉ ምን እንደሆነ ሲገባት፣ ከፍታው ቀረች።

እኔ የበር ሰው ነኝ። ለአንድ ልጅ አንድ ቃል አስተምሬያለሁ፤
ለማን ይነገራል? ደመወዝ ስቀበል እንኳ አፍራለሁ።
አሁን በየጠዋቱ መዝጊያውን በእጁ አስነካለሁ፦
«ክፍት» እለዋለሁ።
ቸርኬውን ያያል። ዝም።
ነገም በሁለት ሰዓት እመታለሁ።